የመሪጌታ ቁራጭ

(ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ፣ ጧት። ወይዘሮ ተናኜና ታናሽ ወንድማቸው ስመኘው ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ወንበር ይመርጣሉ። ተናኜ ዘንቢል አቅፈዋል። ባለቤታቸው መሪጌታ ወልደ ገብርኤል ጉሮሯቸውን በቀዶ ጥገና ታክመው ቤት ተኝተዋል።)

ስመኘው፦ በቀኝ ተቀመጪ ብዬሻለሁ! አገር እያየሽ ትሄጃለሽ።

ተናኜ፦ አገሩን አውቀዋለሁ። ከቡሬ ወዲያ ፀሐዩ በቀኝ ነው፤ ሰሙ ይቀልጥብኛል።

ስመኘው፦ አይቀልጥም።

ተናኜ፦ በምን አወቅህ?

ስመኘው፦ (ወደ ውጭ እያየ) አውቃለሁ። ይልቅ እንውረድ። አንቺ የምትሄጂበት ጉዳይ እንኳ በቅጡ አልገባሽም።

ተናኜ፦ ቀስ ብሎም ቢሆን ገብቶኛል። ከመሪጌታ ጉሮሮ የወጣው እባጭ፣ ቁራጩ በሰም ተደርጎ ተሰጠኝ። ቁራጩ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ምልክቶች አሉ አለ ሐኪሙ። ባሕር ዳር ያሉት ሐኪሞች እነሱን በመሣሪያ አይተው ካንሰሩ የማገርሸት ዕድሉ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ፣ ይገምታሉ። ብዙ ከሆነ ጨረር ይጨመርላቸዋል።

ስመኘው፦ ምልክት ምን እንደሆነ እኔ ልንገርሽ። እንደ በሬ ነው። የተበሳ ጆሮውን አይተሽ የማን በሬ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ተናኜ፦ በሬው ሄዶ ይመለስ እንደሆነም ጆሮው ይናገራል?

ስመኘው፦ እ... እሱን በሬው ያውቃል።

ተናኜ፦ እኔም ለዚያ ነው ሐኪም የምጠይቀው።

(ሾፌሩ ሞተር ያስነሳል።)

ስመኘው፦ (ደንግጦ) እታለም፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትጩኺብኝ።

ተናኜ፦ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?

ስመኘው፦ የክርስቲያን ሥጋ በጣሳ ተደርጎ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል? የተቆረጠ እግር እንኳ በወጉ ይቀበራል። እኔም አሰብሁና... ትናንት ረፋድ ቀበርሁት።

ተናኜ፦ ምኑን?

ስመኘው፦ ከነሰሙ! የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ዳር፣ ወይራው ሥር። አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ ድንጋይ ጭኜ፣ አልቅሼ።

ተናኜ፦ ያችን አንዲት ቁራጭ? ሌላ ከየት አመጣለሁ? መሪጌታ እኮ ውጤቱን ብለው እንቅልፍ የላቸውም... ቆይ። ከየትኛው ጣሳ?

ስመኘው፦ በሩ አጠገብ ካለው፣ ከሰማያዊው። ደግሞ ዝም ብዬ አልቀበርሁም፤ አይቼ አረጋግጫለሁ! ሰሙ ውስጥ ጠቆር ያለች ነገር ነበረች። ካንሰሩ ራሱ! ክንፍ አብቅሏል።

ተናኜ፦ ክንፍ?

ስመኘው፦ ያውም ሁለት! ክንፍ ካበቀለማ ተመልሶ ይመጣል ማለት አይደል? ይኸው፣ ያለ መሣሪያ አወቅሁት።

(ተናኜ ከዘንቢሉ ትንሽ ማሰሮ ያወጣሉ። ጥጡን ሲገልጡ ቁጥር የተጻፈባት፣ አውራ ጣት የምታህል ነጭ የሰም ቁራጭ ትታያለች።)

ተናኜ፦ የመሪጌታ ይኸው። ሐኪሙ ከሙቀት ጠብቂ ስላለኝ፣ ጣሳው ይግላል ብዬ ማሰሮ ውስጥ አድርጌዋለሁ።

ስመኘው፦ ታዲያ... ጣሳው ውስጥ የነበረው?

ተናኜ፦ ለጧፍ ያስቀመጥሁት የማር ሰም። ገና አልተጣራም፤ ንብ ሳትቀርበት አልቀረችም።

ስመኘው፦ (ቀስ ብሎ እየተቀመጠ) ለንብ ነው ያለቀስሁት?

ተናኜ፦ ደግ አደረግህ፤ ሌላ ማን ያለቅስላታል? አርባዋ ሲደርስ ግን ደግስ። ዘመዶቿን ከቀፎው እኔ እጠራልሃለሁ።