ግራና ቀኟ ያልተስማማ አሥር ብር

«ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ» ይባላል። እኔን ግን እስካሁን ግራ የሚያጋባኝ መንገዱ ሳይሆን ገንዘቡ ነው። እናንተ አሥር ብር ሲሰጧችሁ ምኑን ታያላችሁ? አሥር መሆኑን አይታችሁ፣ ተቀድዶ እንደሆነ ገልበጥ አድርጋችሁ፣ ወደ ኪስ። እኔ ቁጥሩን አነባለሁ። ሰባት ብቻ የተደረደረበት፣ ከፊትም ከኋላም ቢነበብ ያው የሆነ፣ ቀለሙ የፈሰሰ፣ ጠርዙ ተንጋዶ የተቆረጠ ብር ካገኘሁ አልመነዝረውም፤ አሮጌ መዝገበ ቃላት ውስጥ አስተኛዋለሁ። ፔዳ በሚባለው ሰፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለምሠራ፣ መዝገበ ቃላት ማንም እንደማይገልጥ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ባለቤቴ ሙሉ ግን ገለጠችው።

ከስብስቤ ሁሉ የምሳሳላት አንዲት አሥር ብር ነበረች። በግራ ጥጓ ያለው ቁጥር በሰባት ያበቃል፣ በቀኟ ያለው በስምንት። ማተሚያ ማሽኑ ተሳስቶ ይሁን ደክሞት፣ እንጃ። አንዲት ብር ናት ወይስ ሁለት? እንደኔው ብር የሚሰበስብ ጓደኛዬ ብዙ ሺህ ታወጣለች ይላል፤ የሰፈራችን ባለሱቅ ፎርጅድ ናት ይላል። ሙሉ ደግሞ አንድ እሑድ ዝርዝር አጥታ ቤቱን ስታተራምስ አገኘቻትና ሙዳየ ምጽዋት ውስጥ ከተተቻት። ስጮህባት «ብር መስሎኝ ነዋ!» አለች። ምን ይመለሳል? ብር ናት።

ሳምንቱን ሙሉ እንዴት ብዬ እንደምጠይቅ ሳወጣ ሳወርድ ከረምኩ። ለእግዜር የተሰጠን ብር «መልሱልኝ» ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

በተከታዩ እሑድ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ደብራችን ቅዳሴ እንዳበቃ፣ መምህሩ ብሬን ከፍ አድርገው አሳዩ። «ምእመናን፣ የዚች ብር ግራና ቀኟ አልተስማማም። ባንክ እንዳይመልስብን ሰግተናል። ለሕንፃው ማሠሪያ በጨረታ ትውጣ፤ በረከት ናት!»

የቤተ ክርስቲያን ጨረታ ታውቁ የለ? አሸናፊው ከፍሎ ዕቃውን ይቀበላል፤ ደግ ከሆነ ደግሞ «መልሼ ሰጥቻለሁ» ይላል። እልል ይባላል፣ ያው ዕቃ እንደገና ለጨረታ ይቀርባል። አንዲት ጃንጥላ አራት ጊዜ ተሸጣ አራት ጊዜ ስትመለስ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጡረተኛው ጎረቤቴ አቶ ደጉ በአምስት መቶ ብር አሸነፉና መልሰው ሰጡ። እልልታው ሲቀልጥ የኔም ልብ ተመለሰ። በሁለተኛው ዙር፣ ለተቀደደው የብስክሌቴ ጎማ መግዣ በኪሴ የያዝኩትን ሁለት ሺህ ብር ጠራሁ። አሥር ብር በሁለት ሺህ! ሰዉ በሃይማኖቴ ጽናት ተደነቀ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተባለና ብሬ እጄ ገባች።

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መምህሩ ድምፅ ማጉያውን አፌ ሥር ደቀኑት። አቶ ደጉ ፈገግ ብለዋል። ሙሉ ከሴቶች በኩል ለእልልታ አፏን አሰናድታ ትጠብቃለች። የገዛ ብሬን በገዛ ብሬ ገዝቼ ቆሜ፣ የምን ማፈር ነው? አላውቅም። ብቻ የራሴን ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሰማሁት።

«መልሼ ሰጥቻለሁ!»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። በሦስተኛው ዙር ሰዉ ሰልችቶት ነበር። ጨረታው ከሃያ ብር ተጀመረ፤ ጌሾ የሚሸጡት አሮጊት ጎረቤታችን እማማ ጥሩ «ሃያ!» አሉ። ማንም አልጨመረም። የኔ ኪስ ባዶ ነው። እማማ ብሯን ተቀብለው «እኔስ አልመልስም» አሉና ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ።

ግፊያውን አልፌ ደጅ ስደርስ ባጃጅ ተሳፍረዋል። በእግሬ እቤታቸው ድረስ ተከተልኩ።

«እማማ፣ ያቺ አሥር ብር አለች?»

«ለባጃጁ ከፈልሁባት።»

«በሃያ ብር የገዟትን?»

«ሃያዋን ለእግዜር ሰጠሁ፣ አሥሯን ለባጃጅ። ምኑ ነው የቸገረህ?»

ምኑ እንደቸገረኝ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ግራው ሰባት፣ ቀኙ ስምንት... ስናገረው ለራሴም አልገባኝም። እማማ ፊቴን፣ ላቤን፣ አቧራ የጠጣ ጫማዬን አዩና ሆዳቸው ባባ።

«አይ ልጄ! ያለህን ሁሉ ሰጥተህ ባዶህን ቀርተህ ነው ለካ።» መቀነታቸውን ፈትተው አንዲት አሥር ብር እጄ ላይ አኖሩልኝ። «እንካ፣ መሳፈሪያ ትሁንህ።»

ተቀበልኳት። እንቢ ብል ምን ብዬ? ደጅ ወጥቼ ግራና ቀኟን አነበብኩ። የሁለቱም ጥግ ቁጥር አንድ ዓይነት ነው። ደህና አሥር ብር ነበረች።