ዘአማኑኤል ከሊኑክሱ በጅሮንድ ጋር የተዋጉበት የፕሪንተር ዘመቻ

በሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር፣ መብራት በፈረቃ በሚነግሥበትና ሞደም ወደ ቤታችን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ የሃያ አራት ዓመቱ ጌታችን ዘአማኑኤል፣ ቫይረስ አባራሪ፣ ገመድ ፈታሒ፣ በቃሊቲ የሀይረዲን ጽሕፈትና ፎቶኮፒ ቤት ሊቀ ኮምፒውተር፣ የፈጸሙትን ገድል እኔ የፎቶኮፒው ፀሐዩ ጻፍሁ፤ ገመዱን የያዝሁም ቁጣውን የጠጣሁም እኔው ነኝና ሐሰት የለበትም።

መምህርት ብዙወርቅ የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ ፈተናቸውን፣ ስድስት ገጽ፣ በቤታችን አስተየቡ። ፈተናው ዓርብ ጠዋት ነው። ዓምና ዘግይቶባቸው ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ፊት አዋርደዋቸው ነበር፤ ዘንድሮም ከዘገየ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩትን ክፍል እንደሚነጠቁ ተነግሯቸዋል። ማክሰኞ ዕለት ግን አዲሱ ፕሪንተር፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ከተጫነበት ኮምፒውተር ጋር አልግባባ አለ።

ሊኑክስ ነገሥታት እንደነበራቸው ያለ በጅሮንድ አለው፤ ፓኬጅ ማናጀር ይሉታል። ፕሮግራሙን ሁሉ ከግምጃ ቤት አውጥቶ የሚጭን፣ የትኛው ፋይል የት እንደተቀመጠም መዝግቦ የሚይዝ እሱ ነው። ጀግናችን ግን ሁሉን ነገር በፍላሽ ማምጣት የለመዱ ናቸውና፣ በሞደም እስኪወርድ ጥምቀት ያልፋል ብለው፣ በጅሮንዱን አንዲት ቃል ሳይጠይቁ ወደ ሳሪስ ዘመቱ። የተከተላቸው ሠራዊትም እኔ፣ ዘበኛው ሮሪሳና አንዲት ፍላሽ ነበርን። በሚኒባስ ተጣብበን ሄድን፤ ፕሪንተርን ከኮምፒውተር የሚያግባባውን፣ ድራይቨር የሚሉትን ፕሮግራም፣ ከወዳጃቸው ቀድተው ተመለሱ፤ ያንንም በበጅሮንዱ ጓዳ፣ በበጅሮንዱ ፋይሎች ላይ በእጃቸው ጫኑት። ፕሪንተሩ አንድ የሙከራ ገጽ ሲተፋ አዋጅ አስነገሩ፦

«በሳሪስም በቃሊቲም ያለህ ስማ። ድራይቨሩን የጫንሁ እኔ ነኝ። የሚታተም ያለህ ና፤ ፓኬጅ ማናጀር ምናምን የምትለኝ ግን አርፈህ ተቀመጥ።»

ወእምዝ፣ ረቡዕ ጠዋት ኮምፒውተሩ ላዘምን ወይ ብሎ ጠየቀ። ጌታችንም ሳያነቡ እሺ አሉ፤ ምን ያንብቡ፣ ሊቅ አይደሉ። በጅሮንዱ ገባ፤ የማያውቀውን ፋይል በገዛ ጓዳው አገኘ፤ ግማሹን በራሱ ተካ፣ ግማሹን ስላላወቀው ተወው። ፕሪንተሩም ግማሽ አሮጌ ግማሽ አዲስ ሆኖ ዝም አለ። እሳቸው ደግመው በእጅ ጫኑ፤ በጅሮንዱ ስሕተት አለ አለ፤ አስተካክል ሲሉት የጫኑትን ገለበጠ፤ አሁንም ጫኑ። ጥፋቱን በገመዱ፣ ከዚያ በሮሪሳ መጥረጊያ፣ ኋላም በእኔ አላከኩ። በጣም ተናደድሁ፤ ነገር ግን ታሪክ ጸሐፊ ነኝና ቻልሁት።

ወበሣልስት ዕለት፣ ሐሙስ፣ መብራት ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊሄድ ተራችን ነበር። መምህርት ብዙወርቅ በዘጠኝ ሰዓት መጥተው፣ ወንበር ስበው ፕሪንተሩ ፊት ተቀመጡና አወጁ፦

«እኔ ከዚህ አልነሣም። ልጄ፣ ያንተን ሊኑክስ አላውቀውም፤ ነገ ጠዋት ግን ስድሳ ሁለት ልጅ ዓይን ዓይኔን ነው የሚያየኝ።»

የቤቱ ጌታ ሀይረዲንም መሳቢያ ከፍተው፣ ሊኑክሱ የተጫነበትን ሲዲ አውጥተው አወጁ፦

«ሳሪስ መሄድ ይቅርና እዚህ ላይ ፈልጉ። የሴትዮዋን እንጀራ እንዳትዘጉ።»

ለካስ ድራይቨሩ ከመጀመሪያው እዚያው ሲዲ ላይ ኖሯል። ዘአማኑኤል ላባቸውን እየጠረጉ በእጅ የጫኑትን አንድ በአንድ ለቀሙ፤ ይህ ብቻ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ፈጀ። ከዚያ ሲዲውን አስገብተው በጅሮንዱን በአንድ መስመር ትእዛዝ ጠየቁት፤ እሱም በአራት ደቂቃ ጫነው። ዐሥራ አንድ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ገጾቹ መውጣት ጀመሩ፤ አምስት ወጡ። ስድስተኛው ብቅ እንዳለ መብራት ሄደ።

መምህርት ብዙወርቅ ከወንበራቸው ተነሡ። አምስቱን ገጽ በፌስታል ጠቅልለው ጄኔሬተር ወዳለው የትምህርት ቤታቸው ማባዣ ሮጡ። ዓርብም ሳይነጋ ክፍል ገብተው፣ የቀረውን ገጽ ከረቂቃቸው እያዩ፣ ሰሌዳውን ሞልተው በጠመኔ ጻፉ። ፈተናው በሰዓቱ ተጀመረ፤ ክፍሉም የእሳቸው ሆኖ ቀረ።

እንግዲህ ጌታችን ዘአማኑኤል ይክበሩ፤ ማክሰኞ በገዛ እጃቸው ያስገቡትን ጠላት ሐሙስ ድል ነሥተዋልና፤ በመሳቢያ ያለውን ፍለጋ አገር አቋርጠዋልና፤ ከስድስት ገጽም አምስቱን አትመዋልና። ስድስተኛውን ያተመች የመምህርት ብዙወርቅ ቀኝ እጅ ግን ፈረቃ የላትም፤ ዘመኗ ይርዘም።