እትዬ አሪፋ እና ያለ እሳቸው የሚሠራው ማሽን

«ያለ እኔ አይነጋም» ብሎ የሚያምን ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ካለም ገና ሰው አልገባበትም። ይህ ሰው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ አብሮ ይረግጣል። የጽሑፍ መልእክት ይልክና መድረሱን ለማረጋገጥ ይደውላል። ሰርግ ተጠርቶ ሄዶ ድንኳኑ ተጣሟል ብሎ ካስማ ያስነቅላል። ከሐይቅ ከተማ ወደ ውኃው በሚወርደው መንገድ ዳር፣ በእኛ ሰፈር፣ ይህን ከፍተኛ ኃላፊነት የያዙት ክብርት እትዬ አሪፋ ናቸው።

እትዬ አሪፋ ሦስት መቶ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች አሏቸው። እኔ ደግሞ አጥር የምንጋራ፣ ብቻዬን የምኖር መምህር ጎረቤታቸው ነኝ። በእሳቸው ቆጠራ ሦስት መቶ አንደኛው መሆኔ ነው። በየቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን በአጥሩ ላይ ብቅ ይሉና «አያሌው፣ ምሳ በላህ?» ይላሉ። ካልጠየቁኝ እንደማልበላ ጥርጥር የላቸውም። እኔም በዚህ ጉዳይ ለዓመታት ስስቅባቸው ኖሬያለሁ።

ጉልበታቸውን ማመም ሲጀምራቸው፣ ስድስት ዓመት ጅዳ ሠርታ የተመለሰችው ልጃቸው ፈሂማ በራሱ መኖ የሚያድል ማሽን አመጣችላቸው። ነገሩ ለጉልበት ብቻ አልነበረም። እትዬ አሪፋ አምባሰል፣ ውጫሌ የምትኖር ሰዓዳ የምትባል ታናሽ እህት አለቻቸው። ሰዓዳ ዓይኗ እየደከመ ነው። «መልክሽን ሳላይ ልቀር ነው» እያለች በደወለች ቁጥር እትዬ አሪፋ ያለቅሳሉ። እንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ ግን «ዶሮዎቹን ለማን ጥዬ?» ይላሉ። እንዲህ እያሉ እህታቸውን ሳያዩ ሦስት ዓመት ሞላቸው።

ማሽኑን የገጠመው ከደሴ የመጣ ባድሩ የሚባል ባለሙያ ነው። ትልቅ ቋት አለው። ሰዓቱ ሲደርስ በቧንቧ ውስጥ የሚሽከረከር ጠመዝማዛ ሽቦ መኖውን ከቋቱ እየገፋ ዶሮዎቹ በሚበሉባቸው ቀይ ሳህኖች ላይ ያወርደዋል። ባድሩ ይህን ሁሉ አስረድቶ ሲጨርስ እትዬ አሪፋ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው።

«ቢስሚላህ የሚለው የቱ ጋ ነው?»

«እትዬ፣ ማሽን እኮ ነው።»

«ታዲያ ማን ሊልለት ነው?»

ባድሩ እዚህ ላይ ሥልጠና አልወሰደም። ስለዚህ እትዬ አሪፋ በዚያው ዕለት የማሽኑ የቢስሚላህ ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። ሿሚያቸውም ራሳቸው ናቸው።

ማሽኑ በቀን ሦስት ጊዜ ይነሳል፤ እሳቸውም በቀን ሦስት ጊዜ ቀድመውት ይቆማሉ። አሮጌ ጣሳቸውን በእንጨት ኳ ኳ አድርገው የዶሮ ቤቱን በር ይከፍታሉ፤ «ቢስሚላህ!» ይላሉ፤ ማሽኑ ይነሳል። ዶሮዎቹ ማሽኑን የሚያዙት እሳቸው ይመስሏቸዋል። ለእሳቸውም እንደዚያው ነው የሚመስላቸው። የከሰዓቱ መኖ ከአሱር ሶላት ጋር ሲጋጭባቸው ባድሩን ከደሴ ድረስ አስጠርተው ሰዓቱን አስለወጡ። ሊያሳርፋቸው የመጣ ማሽን ጭራሽ ከግቢ እንዳይወጡ አሰራቸው።

በዚህ ላይ ማሽኑ ስስታም ነው ብለው ደመደሙ። እሱ ከሰጠ በኋላ እየዞሩ በየሳህኑ አንድ አንድ እፍኝ ይጨምራሉ። በወሩ ዶሮዎቹ ወፍረው እንቁላል ቀነሱ። የእንስሳት ባለሙያዋ ኑርሀያት መጥታ «እትዬ፣ ማሽኑ የሰጠውን አይንኩበት» ብትል «ያጠገብኩ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ? ሱብሃነላህ!» አሏት። መብራት ሲጠፋ ደግሞ በከተማው ደስ የሚለው ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። «አላልኳችሁም?» እያሉ ጣሳቸውን ይዘው፣ ጉልበታቸውን ረስተው ይወጣሉ።

አንድ ቀን ሰዓዳ ደወለች፤ እንደ ወትሮዋ ግን አላለቀሰችም። «ቀኙ ዓይኔ ሄደ። ግራውም እስኪሄድ ነው የምትጠብቂው?» አለችና ዘጋችው።

እትዬ አሪፋ ወዲያው እኔ ቤት መጡ። ጣሳውን በሁለት እጃቸው ይዘውታል።

«አያሌው፣ አፈር ስሆንልህ፣ ለአንድ አዳር ብቻ ነው። ይሄን ምታና ቢስሚላህ በልላቸው።»

«እትዬ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ እኮ።»

«በስመ አብ በላ! የሚያበላው እንደሁ አንድ ነው። ብቻ እንደ ማሽን ዝም ብለህ እንዳታበላቸው።»

ፈሂማም ውጫሌ ድረስ አብራቸው ሄደች፤ መንገድ ላይ ሐሳባቸውን ቀይረው እንዳይወርዱ።

በማግሥቱ ጠዋት እንቅልፍ ጣለኝ። ጣሳውን አንጠልጥዬ እየሮጥኩ ስደርስ ማሽኑ ተነስቷል፤ መኖው በየሳህኑ ሞልቷል። ሦስት መቶ ዶሮ ግን አንገቱን ዘርግቶ በሩን ያያል። እኔን አይተው አልተንቀሳቀሱም። ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያ አንዷ ጎንበስ ስትል ሁሉም ጎንበስ አሉ። እኔም ዘግይቼ «በስመ አብ» አልኩ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ።

«በሉ?»

«በሉ እትዬ። ሁሉም በሉ።»

ዝም አሉ። እትዬ አሪፋ ዝም ሲሉ ሰምቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ዶሮዎቹ እንዳይራቡ የሚፈሩ ይመስለኝ ነበር። ለካስ የፈሩት ያለ እሳቸው እንዳይበሉ ኖሯል። አንጀቴን በሉት።

«ግን እትዬ፣ መጀመሪያ ሁሉም በሩን አዩ። መኖው ቀርቦላቸው እርስዎን ጠበቁ።»

«ወላሂ በል!»

«ማርያምን!»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ። ከጀርባ ሰዓዳ ትስቃለች።

«በል እንግዲያው አብሽር! እነሱ ከጠበቁኝ እኔ ምን አስቸኮለኝ? ሳምንቱን እዚሁ ልቆይ። ሰዓዳ ገና ስገባ ‹አረጀሽ› አለችኝ። አልሀምዱሊላህ፣ ታያለች ማለት ነው!»

ሰባት ሰዓት ሆነ። ምሳዬን አቀረብኩ፤ እጄንም ታጠብኩ። ያቺ በየቀኑ የምስቅባት ጥያቄ አልመጣችም። እንጀራው ፊቴ እያለ አንገቴን ዘርግቼ ተቀመጥኩ።

በኋላ በላሁ። መጀመሪያ ግን አጥሩን አየሁ።