አለቃ ዝግታው በሁዳዴ እንቁላል ሊበሉ ሲሉ የዳኑበት ዜና

ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነበረ፤ ቀነ ገደብ በደብረ ታቦር ሠዓሊዎች ላይ በነገሠ በሁለተኛው ዓመት፥ መብራት ሳይሰናበት የሚሄድበት፥ ኔትወርክም እንደ ባሕታዊ አልፎ አልፎ ብቻ የሚገለጥበት ወራት ነበረ። በዚህ ዘመን ከጎማ ጠጋኙ ቤት በላይ ባለችው ክፍል፥ የጉና ብርድ ያላሸነፋቸው፥ ባለ ብሩህ ዓይን፥ ባለ ቀጭን መስመር፥ የሚንቀሳቀስ ሥዕል እመቤት፥ ፈንታነሽ ወለተ ይሻው በሠዓሊዎች ሁሉ ላይ ተሾመው ሳለ ያደረጉትን ገድል፥ እኔ ትሑት ያልሆንኩት ጸሐፌ ትእዛዝ አስናቀ እነሆ እጽፋለሁ። ልብ ያለው ልብ ይበል፤ ጾመኛ የሆነም ምራቁን ይዋጥ።

ግዛታቸው አንዲት የካርቱን ተውኔት ነበረች፤ ስሟም «የአለቃ ዝግታው ደጅ» ይባላል፥ በአዲስ አበባ ያለ አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያም በየሰንበቱ ያሳያት ነበር። አለቃ ዝግታው ከቶ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዝናብ ሲመጣባቸው ቀና ብለው «ማን አስቸኮለህ?» ይሉታል፥ በቅሎ ስትደነብርም ዶሮ ሲጮህም ቃላቸው ይህችው ናት፥ ሕፃናቱም ከይፋግ እስከ ገሳይ ይህችን ቃል በቃላቸው ይዘዋት ነበር። እኚህን የማይቸኩሉ ሽማግሌ የሚሠሩት ሰዎች ግን ቆመው የሚበሉ፥ እየሮጡ የሚያዛጉ፥ ጫማቸውን ሳያስሩ የሚውሉ ነበሩ፤ ይህም ከዘመኑ ተአምራት አንዱ ነው።

የእመቤት ፈንታነሽም ሠራዊት ይህ ነበረ። በቀኝ፥ እጅና እግር የሚሥል፥ አንድ ጊዜ የሣለውን እጅ ዓመት ሙሉ እየመላለሰ የሚያስበላ፥ ቀኝ አዝማች ይርጋ፤ በግራ፥ አፍን ከድምፅ የምታጋባ፥ ከንፈር ሲዘገይ የሚያማት፥ ግራ አዝማች ዝናሽ፤ በደጅ፥ የጄኔሬተሩ አጋፋሪ፥ የናፍጣ ሽታ የማይለየው ሙላቴ፤ ከሁሉም በኋላ፥ ቀልዱን የምጽፈው እኔ፥ ከጻፍኩ በኋላ ሥራ የሌለኝ፥ ስለዚህም ሁሉን የምመለከት። ማሞቂያም ነበረች፥ የምትሠራበትን ቀን ግን ያየ የለም።

ቀነ ገደብ ክፉ ንጉሥ ነው። በእርሱ ጭቆና በአንደኛው ክፍል በቅሎዋ አምስተኛ እግር አበቀለች፥ በሌላው የአለቃ ጋቢ ከትከሻ ወደ ትከሻ ያለ እጅ ተሻገረ፥ አንዲት ግራርም አለቃን ከቤታቸው እስከ ገበያ ሸኝታ መልሳ አመጣቻቸው። ይህስ ይሁን፤ እኔን ያንገበገበኝ ዝምታዬ ነው። በድርሰቱ ላይ «እዚህ አለቃ ዝም ይላሉ» ብዬ በጻፍኩ ቁጥር፥ ሥዕል ያልሞላው ደቂቃ ሠዓሊዎቹን ያስፈራቸዋልና ዝምታዬን ቆርጠው የበቅሎ ሩጫ ይተኩበት ነበር። ቀልድ ያለ ዝምታ ጨው የሌለው ወጥ ነው፤ ሰው ሊስቅ አፉን ሲከፍት በቅሎ ትገባበታለች። ስለዚህ ተውኔቷ ትታይ ነበር እንጂ ብዙም አይሳቅባትም ነበር።

የአለቃ ዝግታው ድምፅ ደግሞ የእውነተኛ ሰው፥ የቅኔው መምህር የየኔታ ወልደጊዮርጊስ ድምፅ ነበረ። የኔታ ግድግዳው ፍራሽ በለበሰው ክፍል ገብተው መጀመሪያ ድምፃቸውን በሰጡ ዕለት፥ መቋሚያቸውን ተደግፈው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ይኸ ሽማግሌ ድምፄን ለብሷል። ቢስቅ ይሳቅ፥ ቢወድቅም ይውደቅ። በጦም ቀን የገደፈ ለት ግን ድምፄን ትመልሱልኛላችሁ፤ እኔም ደጃችሁን አልረግጥ።» ድምፅ እንዴት እንደሚመለስ የሚያውቅ አልነበረም፥ ነገር ግን ሁሉም ፈሩ። እመቤት ፈንታነሽም የኔታን እንደ ወላጅ አባት ይወዱ ነበርና ቃል ገቡ፤ ያለ የኔታ አለቃ ዝግታው ድዳ እንደሚሆኑ፥ ያለ አለቃ ዝግታውም ያች ክፍል ተመልሳ የጎማ መጋዘን እንደምትሆን ያውቁ ነበር።

ወእምዝ፥ ሁዳዴ ገባ። በቅድስት ሳምንት ከጣቢያው የመርሐ ግብር ሹም በቴሌግራም አዋጅ ደረሰ፤ ቃሉም ይህ ነው፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ቅዳሜ ይደርስ የነበረው ክፍል ከእንግዲህ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይድረስ። ያልደረሰ እንደሆነ ሰዓቱ ለምግብ ዘይት ማስታወቂያ ይሰጣል።» በዚህ ጊዜ ሠራዊቱ ተሸበረ፥ ቀኝ አዝማች ይርጋም አዲስ ማዕድ የሚሥልበት ጊዜ ስላጣ፥ ወደ አሮጌ ሥዕሎች ጎተራ ወርዶ፥ አለቃ እጃቸውን ወደ ሣህን ሰደው ሲጎርሱ የሚያሳየውን ሥዕል እንዳለ አንሥቶ በአለቃ የሁዳዴ ማዕድ ላይ አኖረው። ያ ሥዕል ግን የገና ነበር።

የገና ሣህን ውስጥ ምን እንዳለ ክርስቲያን ሁሉ ያውቃል። ዓርብ በቀትር፥ ግራ አዝማች ዝናሽ አፍን ከድምፅ ስታጋባ፥ የአለቃ አፍ ሲከፈት አየች፥ ወደዚያ አፍ የሚገባውንም አየች፥ እጇን በራሷ ላይ ጫነች። ነጭ፥ ክብ፥ ከቀይ ወጥ የወጣ፥ አለቃም በሁለት ጣት በክብር የያዙት እንቁላል ነበረ። አበው ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለዋል፤ የኛ እንቁላል ግን በጥድፊያ ሄዶ፥ ከገና ተነሥቶ፥ ጥምቀትን አልፎ፥ ሁዳዴ መካከል ገባ። ፊልሙ ሲታይ የኔታ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠው እንደሚያዩ የታወቀ ነበር። ይርጋ ፊቱ አመድ መሰለ።

እመቤት ፈንታነሽ ግን አልተሸበሩም፤ ብዕራቸውን መዘው ወደ ሰልፍ ገቡ። በመጀመሪያው ውጊያ እንቁላሉን በእንፋሎት ይጋርዱት ዘንድ አዘዙ፥ ይርጋም እንፋሎት ቸኩሎ ቢሥል የአለቃ ጢም በእሳት የተያያዘ መሰለ፥ በዚህም ውጊያ ተሸነፉ። በሁለተኛው እንቁላሉን ቡናማ ቀቡት፥ ወጡንም አልጫ አደረጉት፥ እነሆም እንቁላሉ ድንች ሆነ፥ የጾም ሆነ፥ ሠራዊቱም እልል ሊል አሰበ። እመቤት ፈንታነሽ ግን ሥዕሉን ሁለት ጊዜ ተመልክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። እጁ አሁንም እንቁላል የያዘ እጅ ነበረ። እሳቸው ከጉና ሥር፥ ድንች ከሚበቅልበት ቀዬ የወጡ ናቸውና፥ ትኩስ ድንች በሁለት ጣት በክብር የሚይዝ ሰው በዓለም እንደሌለ ያውቃሉ፤ የኔታም ያውቃሉ፥ የሚያየው አገር ሁሉ ያውቃል።

ይህ በሆነ ጊዜ መብራት ሄደ። አጋፋሪ ሙላቴ በጄኔሬተሩ ላይ ዘምቶ፥ ገመዱን ስቦ፥ ለምኖ፥ ሰድቦ፥ በመጨረሻም በእርግጫ አሳምኖ አስነሣው፥ ፀሐይም ወደ ምዕራብ ማዘንበል ጀመረች። ለአዲስ እጅ የሚሆን ጊዜ ግን አልነበረም፥ በዚህ ክፍል የገባው የበቅሎዋ ሩጫ ሥዕል ገና አላለቀምና። ያን ጊዜ እመቤት ፈንታነሽ ከወንበራቸው ተነሥተው፥ የጄኔሬተሩን ጩኸት በሚያሸንፍ ድምፅ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «በቅሎይቱ ትቅር። ሩጫውን አውጡልኝ። የሩጫው ቦታ ለእጁ ይሁን፥ የተረፈው ባዶ እንደሆነ ባዶውን ተዉት፤ አለቃ ድንቹን ይዘው ዝም ይበሉ።»

ዝም ይበሉ! ይህን ቃል በሰማሁ ጊዜ እንባዬ መጣ፥ አላፈርኩበትም። ስንት ክፍል ሙሉ ስለምነው የኖርኩት ዝምታ በአንድ አዋጅ ተሰጠኝ። የማይንቀሳቀስ ሥዕል ደግሞ ምንም ድካም የለውም፤ አንድ ጊዜ ይሣላል፥ ይቆማል፥ ያ ብቻ ነው። ሥዕል ሁሉ መሮጥ አለበት ብለን እኛው ስንሮጥ መክረማችን ያን ቀን ገባን፥ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ለእኛ የተባለ መሰለኝ።

ከዚህም በኋላ ሙላቴ ከጎማ ጠጋኙ ሚስት ምድጃ ላይ ቅቅል ድንች ለምኖ፥ እየነደደ በጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ። እመቤት ፈንታነሽም በሠራዊታቸው ፊት ያን ድንች በባዶ እጃቸው ያዙት፤ ከቀኝ ወደ ግራ አገላበጡት፥ «እፍ» አሉት፥ መልሰው ወረወሩት፥ የተቃጠለ ጣታቸውን ወደ ጆሯቸው ጫፍ ወሰዱ፥ ይርጋም ዓይኑን ሳይነቅል ሣለ፥ ድንቹ በበረደ ጊዜም ሌላ ትኩስ ድንች ቀረበላቸው። በዚህ ጦርነት አመልካች ጣታቸው ቆሰለ፥ ጠባሳውም እስከ ዛሬ ይታያል፥ ሲጠየቁም አይክዱም። ዝናሽ ደግሞ ከድምፅ ጎተራ «ማን አስቸኮለህ?» የምትለውን የየኔታን ቃል አውጥታ በዝምታው መጨረሻ ላይ አኖረቻት፤ ከጎተራ የሚወጣ ሁሉ ክፉ አይደለም። ክፍሉም ኔትወርክ በተገለጠባት ቅጽበት ተላከ፥ ፀሐይዋ ጠልቃ ሳትጨርስ ደረሰ።

በምኩራብ ሰንበት ሻይ ቤቱ ሞላ። የኔታ ወልደጊዮርጊስ ከፊት ተቀመጡ፥ ተማሪዎቻቸው ከኋላ ቆሙ፥ እመቤት ፈንታነሽም በሩ አጠገብ ለመሸሽ በሚመች ስፍራ ቆሙ። አለቃ ዝግታው ወደ ማዕዳቸው ቀረቡ፥ ድንቹን አነሡ፥ ድንቹ አቃጠላቸው፥ ከእጅ ወደ እጅ ተቀባበሉት፥ «እፍ» አሉት፥ ከዚያም ዝም ብለው አዩት። ምንም አልተንቀሳቀሰም። በቅሎም አልገባችም። ሻይ ቤቱ ራሱ ዝም አለ፥ ማንኪያ እንኳ አልጮኸም፥ አንድ ተማሪ ሳቁን ሊይዝ አፉን አፈነ። ያን ጊዜ አለቃ አንድ ቅንድባቸውን ብቻ አንሥተው ድንቹን «ማን አስቸኮለህ?» አሉት።

ሳቁ ጣሪያውን አናወጠው። የኔታም ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ፥ መቋሚያቸው ከእጃቸው እስኪወድቅ ሳቁ፥ ዓይናቸውንም በእጃቸው ጀርባ ጠርገው ወደ በሩ ዞሩ። ፍርዳቸውንም እንዲህ ሲሉ በሁሉ ፊት ሰጡ፦ «ይኸ ሽማግሌ ጦሟል። ድምፄ እሱ ዘንድ ይቆይ።» እመቤት ፈንታነሽ ከበሩ ሳይሸሹ ቀሩ፥ አለቀሱም፥ እኛም አየናቸው።

በማግሥቱ ከመርሐ ግብር ሹሙ ሌላ አዋጅ መጣ፤ አገር ሁሉ እንደ ሳቀ አመስግኖ፥ ይህን ያህል በአጭር ጊዜ መሥራት ከቻላችሁ ከእንግዲህ በሳምንት ሁለት ክፍል ትልካላችሁ የሚል ነበር። ሠራዊቱ ሁሉ እንደ ጠፋ በግ ተያየ። እመቤት ፈንታነሽ ግን አንዲት ቃል አልጻፉም፤ አለቃ ዝግታው ትኩሱን ድንች በመዳፋቸው ይዘው ዝም ብለው የሚያዩበትን ሥዕል መርጠው ላኩ፥ ከዚያም ተቀምጠው ጠበቁ። ሹሙ ሥዕሉን እንደ ተመለከተ ታወቀ፤ ሰኞም ዝም አለ፥ ማክሰኞም ዝም አለ። ረቡዕ በቀትር የመጣው አዋጅ ከአዋጆች ሁሉ አጭሩ ነበረ፦ «እሺ። ሲበርድ ላኩት።»

እንግዲህ ስብሐት ይሁን ለእንቁላል ደምሳሿ፥ ለድንች አንጋሿ፥ ለበቅሎ ገቺዋ፥ በባዶ እጅ ትኩስ ለያዙት፥ ቀነ ገደብን ያለ አንዲት ቃል ከዙፋኑ ላወረዱት፥ ለእመቤት ፈንታነሽ ወለተ ይሻው፤ ዘመናቸው እንደ ጉና ይርዘም፥ መስመራቸው አይንቀጥቀጥ፥ ጣታቸውም ይዳን። ይህን ዜና ሳልቸኩል ጻፍኩት፤ አንባቢም ሳይቸኩል ያንብበው፥ እዚህ ሲደርስም ጥቂት ዝም ይበል።