ስጦታዋን ልታይ የምትመጣ ጓደኛ

ስጦታ የሰጠ ሁሉ ስጦታውን ለቀቀ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ዕቃውን ያቀብልና እጁን እዚያው ትቶት ይሄዳል። በየጓደኛሞቹ መሀል እንዲህ ያለች አንዲት ሴት አትጠፋም። "እኛ ጋ የለችም" የሚል ካለ ራሱን ይመርምር።

የኛዋ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። በሌለችበት "ክብርት ጎብኚ" እንላታለን፤ ባለችበት ደግሞ "እህቴ"። አርባን ካለፍን ወዲህ ልደታችንን የምናከብረው በየቤታችን እየዞርን ነው፤ ኬክ፣ ሻይ፣ ሐሜት። ሌላው ሰው ስጦታውን ጠረጴዛ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ኬኩ ይሮጣል። እሷ ግን በሁለት እጇ ይዛ፣ ዓይን ዓይንሽን እያየች፣ እንደ መድኃኒት ነው የምትሰጠው። "ፀሐይ እንዳያገኘው። እርጥብ ቦታ እንዳታስቀምጪው። ልጆች እንዳይደርሱበት።" ያመጣችው እኮ የፎቶ ፍሬም ነው።

ይሄ ብቻ ቢሆን ምን ችግር ነበረው። ወር ሳይሞላ በሩ ይንኳኳል። "በዚህ ሳልፍ፣ እሱን ነገር ልየው ብዬ ነው።" በዚያ የሚያልፍ ሰው የለም፤ የኔ ቤት መንገዱ የሚያልቅበት ላይ ነው።

ሾፌሩን ጓደኛችንን ያየ ይፍረድ። የሰጠችው የግድግዳ ሰዓት በየሰዓቱ ወፍ ብቅ እያለች ትጮህበታለች። ሰውዬው ደግሞ ሌሊት ነድቶ ቀን የሚተኛ ነው። ባትሪውን አውጥቶ መሳቢያ ውስጥ ከተተውና ተገላገለ። አንድ ቀን በመስኮት ሲያይ ክብርት ጎብኚ ቦርሳዋን አንጠልጥላ እየመጣች ነው። ሮጦ ባትሪውን መለሰ፤ ሰዓቱን ማስተካከል ግን ረሳ። ገባች፣ ግድግዳውን አየች፣ የእጇን ሰዓት አየች።

"እዚህ ቤት ገና ጠዋት ነው እንዴ?"

"እ... ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል።"

"ትንሽ" አለችና ወንበር ላይ ወጥታ አስተካከለችው። ወፏም ብቅ ብላ ጮኸች። ክብርት ጎብኚ ስትወርድ "ናፍቃችሁኝ ነበር" አለች። እኛ ወፏንና ሰዓቱን ነው ብለን ስንት ቀን ሳቅን።

መምህሯ ደግሞ የባሰባት ናት። የተሰጣት ረጅም የአበባ ማስቀመጫ ነበር፤ እሷ ጃንጥላ ሰካችበት። ክብርት ጎብኚ ጃንጥላውን በሁለት ጣቷ መዘዝ አድርጋ፣ "ይሄ ምን የሚሉት አበባ ነው?" አለቻት። መምህሯ ምላሷ አይታሰርም፤ "ዝናብ ሲመጣ ነው የሚፈካው" አለች። ክብርት ጎብኚ አልሳቀችም። በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ለማየት መጣች።

ልብስ ሰፊዋ ጋ ግን ነገሩ በዛ። ለልብስ ሰፊ መጋረጃ ይሰጣል? እሷ ሰጠች። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የልብስ ሰፊዋ ባል ጥሏት ሄደ። ክብርት ጎብኚ እሑድ በመጣ ቁጥር "መጋረጃው እንዴት ነው" እያለች ሶፋው ላይ ቁጭ ትላለች፤ እስኪመሽ ድረስ መጋረጃ ታያለች። ስለ ባልየው አንድ ቃል አትተነፍስም። እኔ ፀጉር ቤት ነው ያለኝ፤ "መጋረጃው እንዴት ነው" እያልኩ ድምጿን ስቀዳው ደንበኞቼ ከወንበራቸው ሊወድቁ ይደርሳሉ። ልብስ ሰፊዋ ብቻ ፀጉሯን እያስደረቀች መጽሔት ትገልጣለች።

በመጨረሻ መምህሯ መላ አመጣች። ሁላችንም ሻይ ይዘን በተቀመጥንበት ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ "በኛ ዕድሜ የሁሉም ቤት ሞልቷል። ከእንግዲህ የሚያልቅ ነገር ብቻ እንሰጣጥ" አለች። "እውነቷን ነው" አልን በአንድ አፍ፣ እንደተማከረ ሰው። ተማክረናልም።

ክብርት ጎብኚ ሻይዋን አማሰለች። "የሚያልቅ ነገር። እሺ። ካለቀ በኋላስ?"

"ካለቀማ አለቀ" አላት ሾፌሩ።

ቀጥሎ የደረሰው የኔ ልደት ነበር። ጥሩ ሽታ ያለው ሳሙና በካርቶን አመጣችልኝ። ስለ ፀሐይ አላነሳች፣ ስለ እርጥበት አላነሳች። "በጤና ጨርሺው" ብቻ ብላ እንደማንኛችንም ወደ ኬኩ ሄደች።

ከዚያ ወዲያ የማንንም በር አላንኳኳችም። የድሮዎቹን ስጦታዎች እንኳ ማየት ተወች፤ ሞኝ አይደለችም፣ ነገሩ ገብቷታል። ተቀይማ እንዳይመስላችሁ፤ ስደውልላት ትስቃለች። "ብቅ በያ" ስላት ግን፣ "ምን ልሠራ?" ትላለች፤ ከልቧ ነው። ያለ ምክንያት የሰው ቤት መሄድ የማይሆንለት ሰው አለ አይደል። ምክንያቷን የቀማናት እኛ ነን።

መጀመሪያ ሰሞን እፎይ አልን። ሾፌሩ እንቅልፉን ተኛ፣ መምህሯ ጃንጥላዋን መልሳ ሰካች። ሲቆይ ግን ቤቴ ጭር አለብኝ። በር ሲንኳኳ ብድግ እላለሁ፤ ቆጣሪ አንባቢው ነው። ልብስ ሰፊዋ ፀጉሯን ልትሠራ ስትመጣ ይሄንኑ አጫወትኳት።

"አንቺ እውነት መጋረጃ የምታይ መስሎሽ ነበር?" አለችኝ በመስተዋቱ ውስጥ እያየችኝ። "ባሌ የሄደ ጊዜ እናንተ ደውላችሁ አይዞሽ አላችሁኝ። እሷ መጥታ መጋረጃ አየች።"

እኔ፣ ምላስ ያላት የምባለው፣ የፀጉር ማድረቂያውን ከፈትኩ። ያን ዕለት ቤት ስገባ ባሌ የመጨረሻዋን ሳሙና ሊከፍት ሲል ደረስኩ።

"ንካትና ውርድ ከራሴ።"

"ሳሙና ናት እኮ" አለ፣ ፎጣውን እንዳገለደመ።

ከእጁ ነጥቄ ክብርት ጎብኚ ጋ ደወልኩ። "አንዷ ሳሙናሽ ሳትከፈት ቀርታለች።"

"ለምን?"

"እንጃ። ሽታዋ ደስ አላለኝም። የሆነ ነገር ሳትሆን አልቀረችም።"

"እንዳትነኪያት። መጣሁ።"

ነጩን ጋዋኗን እንኳ ሳታወልቅ መጣች። ሳሙናዋን መስኮት ጋ ወስዳ አገላበጠቻት፣ አሸተተቻት፣ መነጽሯን አጥልቃ ጽሑፉን አነበበች። እኔን የመረመረኝ ሐኪም እንዲህ ደክሞልኝ አያውቅም።

"ምንም አልሆነችም" አለች።

"እኔ ነኛ የተሳሳትኩት።"

"አንቺ ነሽ" አለችና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዳ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። ልቤ ያኔ ነው ቦታው የገባው። የመንገዱ መብራት እስኪበራ ድረስ ሾፌሩንም መምህሯንም ተራ በተራ አንስተን ጣልናቸው።

በር ላይ ስትደርስ እንደ ድሮዋ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። "በሚቀጥለው ስመጣ ተከፍታ ላግኛት።"

"እሺ" አልኳት።

ሳሙናዋ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ፀሐይም እርጥበትም በማያገኛት ቦታ ተቀምጣለች። ክብርት ጎብኚ በየጊዜው እየመጣች ታያታለች፤ ባየቻት ቁጥር ትቆጣኛለች። ባሌ በልብስ ሳሙና ይታጠባል።