ድስቴ ውስጥ ያለው ውሃ አልፈላም አለ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል። ልጄ ፍሬሕይወት አራስ ናት፤ በሕልሜ ገንፎ ልሠራላት ብዬ ድስት ሙሉ ውሃ ጣድኩ። እሳቱን ስለኩስ ውሃው በረዶ ሆነ። እሳቱን ጨመርኩ፤ በረዶው ብሶበት ደደረ። በማማሰያዬ ብመታው ማማሰያው ተሰበረ።

"እማዬ፣ ራበኝ እኮ!" ትላለች ልጄ ከመኝታ ቤት።

"ምን አባክ ሆነህ ነው?" አልኩት በረዶውን።

"እኔ ምን ላድርግ፣ እማማ? ያለ ፈቃድ መፍላት ተከልክሏል" አለኝ።

ድስቴን ታቅፌ የመፍላት ፈቃድ ልጠይቅ የመልክ ለውጥ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። እዚያ የተሰለፉት ባለጉዳዮች አይደሉም፤ ሠራተኞቹ ናቸው። ማኅተማቸውን እንደያዙ ፀሐይ ላይ ቆመው ነበር፤ እኔን ሲያዩ ተጋፉ። አንዱ ከረባት ያሰረ ሰውዬ እግሬ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

"እናቴ፣ በማርያም ያስተናግዱኝ! ከጠዋት ጀምሮ ባለጉዳይ አላገኘሁም!"

"እንግዲያውስ ይህን አፍላልኝ!"

በረዶውን በማኅተሙ ሲመታው ቀልጦ ውሃ ሆነ፤ ወዲያውም ይግል ጀመር። ሰውዬው ጣቱን ነክሮ፣ "የመፍያው ሙቀት ላይ ደርሷል። ንጹሕ ውሃ ነውና ከዚህ በላይ አይሞቅም፤ የቱንም ያህል እሳት ቢጨምሩበት ያው ነው" አለኝ።

"ታዲያ እሳቴ የት ነው የሚገባው?"

"ወደ ላይ ለሚወጡት ነዋ! እንፋሎት መሆን ብዙ እሳት ይፈጃል።"

"የእኔ እሳት ለእነሱ መውጫ? ኧረ በሕግ አምላክ! አለቃህን አሳየኝ!"

ወዲያው ራሴን ድስቱ ውስጥ አገኘሁት። ክዳኑ ተገጥሟል። ከታች ውሃው ይርመሰመሳል፤ ከላይ እንፋሎቱ ወንበር ዘርግቶ ተቀምጧል። አንዱ ከታች ይወጣል፣ አንዱ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፣ የወረደው ደግሞ ይወጣል። ሁሉም ላብ በላብ ነው። አለቃው፣ አንድ ወፍራም እንፋሎት፣ ክዳኑ ሥር ተንጋሎ ያያቸዋል።

"ጌታዬ፣ ልጄ አራስ ናት፤ ገንፎ ትፈልጋለች" አልኩት።

"ሥራው እየተፋጠነ ነው፣ እናት። የወጣውን ያህል ይወርዳል፤ የወረደውን ያህል ይወጣል። ሚዛን ላይ ደርሰናል።"

"እና ምን ተለወጠ?"

"ምንም! ሚዛን ማለት ይኸው ነው" ብሎ አጨበጨበ። የሚወጡትም የሚወርዱትም አጨበጨቡለት።

ያን ጊዜ ቆሽቴ አረረ። የሰው ልጅ በአራስ ወገቧ እየተራበች እነሱ ሲወጡ ሲወርዱ ሊውሉ! "የት አባታችሁ!" ብዬ ክዳኑን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ በረገድኩት። አለቃው "ሚዛኑ! ኧረ ሚዛኑ!" እያለ በመስኮት በነነ። ተከታዮቹም ተንጋግተው ተከተሉት። ውሃው ተንፈቀፈቀ! ከድስቱ ወጥቼ እልል እያልኩ ዱቄቴን አንስቼ ስመለስ ግን ድስቱ ደርቋል። ለመድኃኒት የሚሆን ጠብታ አልተዉልኝም። ሁሉም ወጥተው ሄደዋል። ኡኡ ብዬ ጮህኩ።

በሩ ሲደበደብ ነቃሁ። እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ውሃ ውስጥ ገባ። ለካስ ሳምንቱን ሙሉ ጠፍቶ የከረመው ውሃ ሌሊት መጥቶ ነበር። ሲመጣ እንድሰማው ብዬ ቧንቧውን ከፍቼ ነው የተኛሁት፤ ምን ዋጋ አለው፣ እኔ በሕልሜ ስጣላ እሱ ቤቱን አጥለቅልቆ ተመልሶ ሄዷል። ጀሪካኖቼ ባዶአቸውን ሳሎን ውስጥ ይንሳፈፋሉ። ቧንቧው እፍ እፍ ይላል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም።

በሩን ስከፍት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ጋሽ ንጋቱ ከራስ እስከ እግራቸው በስብሰው፣ ባልዲ አቅፈው ቆመዋል።

"ወይዘሮ ዘርትሁን፣ ከጣሪያዬ የወረደውን ውሃሽን አጠራቅሜልሻለሁ" አሉኝ ጥርሳቸውን ነክሰው። "ለአራሷ ገንፎ ይሁንሽ፤ መጀመሪያ ግን ኖራው ይዝቀጥ።"