የማይደርቀው ጀንፈል

[ሚዛን ተፈሪ፣ ከከተማው ዳር ያለ ግቢ። ከነልጣጩ የሚደርቀው የጀንፈል ቡና ማድረቂያ አልጋዎች ከቤቱ ደጃፍ እስከ ጓሮው አጥር ተደርድረዋል። ጡረተኛው መምህር ዓለምሰገድ ደጃፍ ቆመው ይቆጣሉ። የማያውቁት ነገር የለም፤ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ያምናሉ። ቡና አገላባጩን ባዘዘውን ሰፈሩ ሞኝ ይለዋል፤ እሱም አይከራከርም።]

ዓለምሰገድ፦ ወንበሬን የት አባህ አደረስከው?

ባዘዘው፦ አጥሩ ሥር ነው፣ ጋሼ። ሸራውን ነፋስ እንዳይወስድብኝ ጫንኩበት።

ዓለምሰገድ፦ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?

ባዘዘው፦ ድንጋይማ ሞልቷል። ወንበሩ ቀረበኝ።

ዓለምሰገድ፦ አምጣው!

ባዘዘው፦ እጄ አፈር ነው፤ ይቆሽሽብዎታል።

ዓለምሰገድ፦ [እያጉረመረሙ እስከ አጥሩ ይሄዳሉ] በዚህ ጭንቅላት እንዴት ሠላሳ ዓመት ቡና አደረቅህ? [ይቀመጣሉ] እፎይ!

ባዘዘው፦ የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሐፍሳ መቀመጥ ቀንሱ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ተራመዱ አላለችም እንዴ?

ዓለምሰገድ፦ ብላለች። እኔም አውቀዋለሁ። ልብ ጡንቻ ናት፤ ካላሠሯት ትሰንፋለች። ሰው ሲቀመጥ ውሎ ሲቀመጥ ካመሸ ግፊት ይመጣል። [ይደላደላሉ] ዋናው ማወቁ ነው።

ባዘዘው፦ ካወቁ ታዲያ ለምን አይሄዱም?

ዓለምሰገድ፦ ወዴት? አርባ ዓመት ባስተማርኩበት ከተማ ያለ ጉዳይ ልመላለስ? የዛሬ ወር እስከ አስፋልቱ ብወጣ ሦስት ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ ጠየቀኝ። ደግሞስ ምን አጣሁ? ያኔ መቶ ሰባ የነበረው ግፊቴ ዛሬ ጠዋት ስትለካኝ መቶ አርባ! ኪኒኑ ያው፣ ወንበሬም ያው። በዕውቀት ብቻ!

ባዘዘው፦ እሰይ! እትዬ አሰጋሽ እንኳን ተገላገሉ።

ዓለምሰገድ፦ ከምን?

ባዘዘው፦ ከልቅሶ ነዋ። እርስዎ መቶ ሰባ የተባሉ ቀን ኩሽና ገብተው «ልጃችንን ዲቦራን ሳይድር ሊሄድብኝ ነው» እያሉ ሲያነቡ ነበር።

[ዓለምሰገድ ሚስታቸው ማልቀሷን አልሰሙም ነበር። ወደ ኩሽናው ዞር ብለው አዩ፤ ግን መምህር ናቸውና ቶሎ ቀና አሉ።]

ዓለምሰገድ፦ አሰጋሽ ድሮም ፈሪ ናት። ለማንኛውም ከነገ ጀምሮ ሳሎን ነው የምቀመጠው። ያንተ ጥያቄ አታከተኝ።

ባዘዘው፦ [ደንገጥ ብሎ፣ ከአልጋው አንዲት ፍሬ አንስቶ] ሳሎን? እ… ጋሼ፣ ይቺ ደርቃለች?

ዓለምሰገድ፦ ጆሮህ ሥር ነቅንቃት። ከተንኳኳች ደርቃለች።

ባዘዘው፦ ለኔ ሁሉም አንድ ነው።

ዓለምሰገድ፦ [ይነሳሉ] ወይ ጣጣ! አምጣ። አልደረቀችም!

ባዘዘው፦ ደጃፉ ጋ ያለው አልጋስ?

ዓለምሰገድ፦ [እዚያ ደርሰው] ይሄ ቀርቦታል።

ባዘዘው፦ አጥሩ ሥር ካለው ይሻላል?

ዓለምሰገድ፦ አሁን አላልኩህም? ቆይ እስቲ ልየው። [ይመለሳሉ]

[እንዲህ ሲባባሉ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። መምህር ከደጃፍ አጥር፣ ከአጥር ደጃፍ እየተመላለሱ ኮታቸውን አወለቁ፤ ላባቸው ጠብ ይላል። ወንበሯን ያስታወሳት የለም። ባዘዘው በየዙሩ አንዳንድ ፍሬ ኪሱ ይከታል።]

ዓለምሰገድ፦ ዘጠኝ አልጋ! ዘጠኙንም እኔ! አገላባጩ አንተ ነህ ወይስ እኔ? ቆይ፣ ኪስህ ምንድነው ያበጠው? ቡናዬን?

ባዘዘው፦ [ዘርግፎ] ይቁጠሩት።

ዓለምሰገድ፦ …ሠላሳ ስምንት። ምንድነው ይሄ?

ባዘዘው፦ የዛሬው ዙርዎ ነው። ትናንት ሠላሳ ነበር። እትዬ አሰጋሽ ማታ ማታ ይጠይቁኛል።

ዓለምሰገድ፦ ወሩን ሙሉ?

ባዘዘው፦ ያለ ጉዳይ አልራመድም አሉ። ጉዳይ ሰጠንዎት።

ዓለምሰገድ፦ ወንበሩስ?

ባዘዘው፦ እሱማ የእትዬ ሐሳብ ነው።

[ዓለምሰገድ ቀና ቢሉ አሰጋሽ በመስኮት እያየቻቸው ነው። ፊቷን መለስ አደረገች። ያ ሁሉ «በዕውቀት ብቻ» ትዝ አላቸውና አፈሩ፤ ሳቃቸውም መጣ። ከመሬት አንዲት ፍሬ አንስተው ለባዘዘው ሰጡት።]

ዓለምሰገድ፦ አንተ ሰው፣ ይሄ ጀንፈል… ነገ ይደርቃል?

ባዘዘው፦ [ጆሮው ሥር ይነቀንቃታል፤ ፍሬዋ ኳ ኳ ትላለች] አልደረቀም፣ ጋሼ። ዲቦራ እስክትዳር አይደርቅም።